67 ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን ነው የምጓዘው፤ ከተማ ውስጥ የቱን ሆቴል ልያዝ?

ጥያቄ፦ ወደማላውቀው ትልቅ ከተማ ለሰባት ቀን ብቻዬን እጓዛለሁ። የ67 ዓመት ሴት ነኝ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደረጃ ያስቸግረኛል፤ ኢንሱሊንም እወስዳለሁ። ልጄ ከኢንተርኔት ሦስት ሆቴሎች መርጣ ልካልኛለች። ሦስቱም ባለ አራት ኮከብ ናቸው፤ ዋጋቸው ይቀራረባል፤ ያረፉባቸው ሰዎችም አመስግነዋቸዋል። በምን ልለያቸው?

ምላሽ፦ በኮከቡ ሊለዩዋቸው አይችሉም። የኮከብ ደረጃ በአብዛኛው የሚሰጠው ሆቴሉ ያሉትን ነገሮች በመቁጠር ነው፤ አሳንሰር አለ ወይ፣ ምግብ ቤት አለ ወይ፣ የክፍሉ ስፋት ስንት ነው እየተባለ። መስፈርቱም ከአገር አገር ይለያያል። አሳንሰሩ ጋ ለመድረስ ስድስት ደረጃ መውጣት እንዳለብዎት፣ ሻወሩ ከፍ ያለ ገንዳ ውስጥ እንደሆነ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰው እንደማይኖር ኮከቡ አይነግርዎትም።

በእርስዎ ሁኔታ ድርድር የማያስፈልጋቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ያለበት እንግዳ መቀበያ፣ ከመንገድ እስከ አልጋ ደረጃ ሳይወጡ መድረስ፣ እና ገንዳ ውስጥ ሳይገቡ መታጠብ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ሆቴል ቢረክስም ቢያምርም ይተዉት። ከአንድ በላይ ሆቴሎች ሁሉንም ካሟሉ፣ ያኔ በሰፈሩ ያወዳድሯቸው። እነዚህን መልሶች ድረ ገጹ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ አያገኟቸውም፤ ስልክ መደወል የግድ ነው።

የሚደውሉት ለሆቴሉ ለራሱ ይሁን። በስሙ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ከሆነ በማዕከል ስልክ የሚመልስልዎት ሠራተኛ ሕንፃውን አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ ከፊቱ ያለው ልጅዎ ያየችው ያው ድረ ገጽ ነው። ቋንቋው ካስቸገረዎት ልጅዎ ትደውልልዎት። የተባለውን ሁሉ ደግሞ በኢሜይል ጽፋ "ትክክል መሆኑን አረጋግጡልኝ" ትበላቸው። ድረ ገጹ ላይ "ልዩ ጥያቄ" በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚጻፍ ነገር ምኞት እንጂ ውል አይደለም። ሆቴሉ በጽሑፍ የመለሰው መልስ ግን ሲደርሱ አውጥተው የሚያሳዩት ማስረጃ ይሆንልዎታል።

አጠያየቁ ለውጥ ያመጣል። "አሳንሰር አላችሁ?" ካሉ "አዎ" ይባላሉ፤ ውሸትም አይደለም። በድሮ ሕንፃዎች ውስጥ ግን አሳንሰሩ የሚጀምረው ከግማሽ ፎቅ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከላይኛው ፎቅ አንድ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ወይም የቁርስ ቤቱ ከመሬት በታች ሆኖ በደረጃ ብቻ ይወረዳል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ "ከታክሲ ወርጄ እስከ አልጋዬ ድረስ ስንት ደረጃ እወጣለሁ? ወደ ቁርስ ቤቱስ?" ቁጥር ሲጠየቅ ሰው ማሰብ ይጀምራል። ቀጥሎ የአሳንሰሩን ብዛት ይጠይቁ። አንድ ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ በሚያርፉበት ሳምንት የታቀደ ጥገና ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንዲት አሳንሰር ያለችው ሆቴል አሳንሰሯ ከተበላሸች ለእርስዎ አሳንሰር የሌለው ሆቴል ነው።

ሁለተኛውን ስልክ በዚያ ከተማ እኩለ ሌሊት ሲሆን ይደውሉ። ስለ ቁርስ ሰዓትም ቢሆን ይጠይቁ፤ ዋናው ነገር ማን እንደሚያነሣው ማወቅ ነው። የሆቴሉ ሠራተኛ ቶሎ ካነሣው ጥሩ። ጥሪው ወደ አንድ ሰው ሞባይል ከዞረ ወይም የተቀዳ ድምፅ ከመለሰልዎት ግን "24 ሰዓት" የሚለውን ጽሑፍ አይመኑት። አንዳንድ ትንንሽ ሆቴሎች ማታ የመንገዱን በር ቆልፈው ለእንግዳው የመግቢያ ኮድ ሰጥተው ይሄዳሉ። ለወጣት ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። የደም ስኳርዎ ሌሊት ቢወርድና አምቡላንስ ቢጠሩ ግን በሩን የሚከፍትለት ሰው ሊኖር ይገባል።

ፎቁን በተመለከተ "ከፍ ያለ ክፍል፣ ጥሩ እይታ" ሲሉዎት አይቀበሉ። እሳት ሲነሣ አሳንሰር አይያዝም፤ የሚወርዱት በእግርዎ ነው። የእሳት አደጋ መኪና መሰላል ብዙውን ጊዜ 30 ሜትር ያህል፣ ማለትም እስከ ሰባተኛ ፎቅ ገደማ ይደርሳል፤ ለጉልበትዎ ግን ሰባተኛውም ሩቅ ነው። እሳቱ ታች ስለሆነ ላይ ያለው ሰው ደኅና ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በላስ ቬጋስ ኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል በተነሣው ቃጠሎ 85 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱ የነበረው ታችኛው ክፍል ሲሆን አብዛኞቹን የገደለው ግን በአሳንሰርና በደረጃ ማማዎች በኩል ወደ ላይኞቹ ፎቆች የወጣው ጭስ ነው። ለእርስዎ ተስማሚው ከምድር ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ከፍ ያለ ክፍል ነው። ምድር ቤቱ ራሱ አይመከርም፤ መስኮቱ ከመንገድ በእጅ ይደረስበታል፣ መጋረጃም ቀኑን ሙሉ ዘግቶ መቀመጥ ያመጣል። ሲጠይቁ "ከመሬት ስንት ፎቅ ከፍ ይላል?" ይበሉ፤ ምድር ቤቱን አንድ ብለው የሚቆጥሩ አገሮች አሉ፣ ዜሮ የሚሉትም አሉ።

በፎቁ ላይ ደግሞ ክፍሉ ከአሳንሰሩ ሁለት ሦስት በር ራቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። አጠገቡ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ የበሩና የሰዉ ድምፅ ይረብሻል፤ በረጅም ኮሪደር መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ለእግርም ይርቃል፣ ጭርም ይላል። ከጎረቤት ክፍል ጋር በውስጥ በር የሚገናኝ ክፍል አይውሰዱ። በዚያ በር በኩል የጎረቤት ንግግር ቃል በቃል ይሰማል፤ በደንብ መቆለፉንም በየምሽቱ ማረጋገጥ ሊኖርብዎት ነው።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ። አብዛኛው ተጓዥ የሚፈራው ሌባን ነው፤ በዕድሜ የገፋች ሴት ሆቴል ውስጥ ይበልጥ ልትጠነቀቀው የሚገባው ግን መንሸራተትን ነው። ሻወሩ ባኞ ውስጥ ከሆነ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ በአንድ እግር ቆሞ መሻገር ያስፈልጋል፤ ሲወጡ ደግሞ ያንኑ በእርጥብ እግር። አጠገቡ ያለው የፎጣ መስቀያ ሰውን ለመያዝ የተሠራ አይደለም፤ ሲደገፉበት ከነብሎኑ ሊነቀል ይችላል። መደገፊያ ብረት የሚባለው ግድግዳው ውስጥ በጥብቅ የታሰረ፣ ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚተከል ወፍራም ዘንግ ነው፤ ይህ ልኬት የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት ነው። ሆቴሉን "ጠርዝ የሌለው ሻወርና መደገፊያ ብረት ያለው ክፍል አላችሁ?" ብለው ይጠይቁና ፎቶውን እንዲልኩ ያድርጉ። የሻወር ፎቶ መላክ የሚያስቸግረው ሆቴል ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ባኞ አለው።

ለአካል ጉዳተኞች የተመቻቸ ክፍል ለመጠየቅ አይፈሩ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የማይሄድ ሰው አይመለከተውም የሚሉ አሉ፣ ጉልበት ግን በቂ ምክንያት ነው። ሆኖም ክፍሉ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። አንደኛው ተራ ባኞ ላይ መደገፊያ የተጨመረበት ነው፤ ያ ለእርስዎ አይሆንም። ሁለተኛው ወለሉ ከሻወሩ ጋር እኩል የሆነ ነው፤ የሚፈልጉት ይህንን ነው። የዚህኛው ጣጣ ውሃው ነው። ወለሉ በደንብ ካልዘቀዘቀ ውሃው እስከ መጸዳጃው መቀመጫ ድረስ ይሰራጫል፣ ሌሊት ሲነሡም ወለሉ ገና አልደረቀም። መፍትሔው በጊዜ መታጠብ፣ ከሻወሩ ውጭ አንድ ተጨማሪ ፎጣ ማንጠፍ፣ እና ከቤት የጎማ ሶል ያለው ነጠላ ጫማ ይዞ መሄድ ነው። ሆቴሎች የሚሰጡት ነጭ ስስ ጫማ እርጥብ ሸክላ ላይ ከባዶ እግር የባሰ ያንሸራትታል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። በአንዳንድ ሆቴሎች የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቧንቧ ከሥሩ ስለሚያልፍ ከመኝታው ከፍ ብሎ ይሠራል፤ በሩ ላይ አንድ አጭር ደረጃ ይኖራል። ቀን ላይ አያስቸግርም። ሌሊት በጨለማ ግን የሚጥለው እሱ ነው። ከቤትዎ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የሌሊት መብራት ይያዙ፣ የሶኬት መቀየሪያውንም አይርሱ። የአልጋው ከፍታ ደግሞ ቁጭ ሲሉ እግርዎ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚረግጥበት፣ 45 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ለጉልበት ጥሩ ነው። ፍራሽ በፍራሽ ላይ ደርቦ ማስቀመጥን እንደ ክብር የሚቆጥሩ ሆቴሎች ስላሉ ይህንንም ይጠይቁ።

ኢንሱሊኑን በተመለከተ ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ሚኒባር (ትንሿን የመጠጥ ፍሪጅ) አይተማመኑባት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሚኒባሮች ለስላሳ መጠጥ ለማቀዝቀዝ የተሠሩ ስለሆኑ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ከኋላ ግድግዳቸው የተጠጋ ነገር ደግሞ አንዳንዴ በረዶ ይሆናል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል አለበት። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቁልፍ ካርዱ ነው። በብዙ ሆቴሎች የክፍሉ መብራት የሚሠራው ካርዱ በሩ አጠገብ ካለው ማስገቢያ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ካርዱን ይዘው ሲወጡ ሚኒባሯም አብራ ልትጠፋ ትችላለች፣ ቀኑን ሙሉ። "ካርዱ ሲወጣ ፍሪጁ ይሠራል?" ብለው ይጠይቁ። አይሠራም ካሉ ለመድኃኒት የሚሆን ፍሪጅ እንዲያስገቡልዎት ወይም ሁለተኛ ካርድ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ሁለተኛው ካርድ ማስገቢያው ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል። የሆቴሉ ወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ሌሊት ወጥ ቤቱ ይቆለፋል። ለሰባት ቀን ጉዞ ጭንቀቱ መብዛት የለበትም፦ በመጠቀም ላይ ያለው የኢንሱሊን ብዕር በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ የእርስዎን ዓይነት ትክክለኛ ገደብ ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ፍሪጅ የሚያስፈልገው ለመጠባበቂያው ነው።

ስለ ሰፈሩ ደግሞ፣ "ከመሃል ከተማ 800 ሜትር" የሚለው ርቀት ብዙ ጊዜ በቀጥታ መስመር የተለካ ነው። በመሃል የባቡር ሐዲድ ወይም ሰፊ አውራ ጎዳና ካለ የእግሩ መንገድ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ካርታው ላይ የእግር መንገዱን ይክፈቱ፤ ደቂቃውን ግን እንዳለ አይውሰዱት። የተሠላው ሻንጣ ሳይዝ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚራመድ ሰው ነው። ጉልበትዎን እየተጠነቀቁ ሻንጣ ሲጎትቱ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ነው፣ ስለዚህ ካርታው 6 ደቂቃ ያለውን 10 ይበሉት። ከሜትሮ ወይም ከአውቶቡስ መውረጃ እስከ ሆቴሉ በር ከ400 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሜትሮ ከሆነ ጣቢያው አሳንሰር እንዳለው፣ ካለውም በየትኛው መውጫ እንደሆነ ይዩ፤ አንድ ጣቢያ አራት መውጫ ኖሮት አሳንሰሩ አንዱ ጋ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የጎግል ካርታን የጎዳና ፎቶ ይክፈቱና በሆቴሉ በር ፊት ለፊት ይቁሙ። ፎቶው የተነሣበት ወርና ዓመት ጥግ ላይ ተጽፏል፤ ካረጀ ብዙ አይመኑት። የሚያዩት የሕንፃውን ውበት አይደለም። የእግረኛ መንገዱ ሰፊና ያልተሰባበረ ነው? የመንገድ መብራት አለ? በሩ ዋናው ጎዳና ላይ ነው ወይስ ጓሮ ጠባብ መንገድ ውስጥ? መግቢያው ላይ ደረጃ ይታያል? ከታችና ከጎን ያሉት ንግዶች ምንድን ናቸው? እያንዳንዳቸውን ነካ አድርገው የሥራ ሰዓታቸውን ይዩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ክፍት የሆኑ ምግብ ቤትና መድኃኒት ቤት ያሉበት ጎዳና ለብቻዋ ለምትመለስ ሴት ከማንኛውም ጠባቂ ይበልጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚዘጋ የጭፈራ ቤት ካለ ግን ሆቴሉን ይሰርዙ። ቢሮዎች ብቻ ያሉበት ሰፈር ያታልላል፤ በሥራ ቀን ሞቅ ያለ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሆቴሉ ዋጋ የሚቀንሰው ግን አካባቢው ባዶ ስለሚሆን ነው።

ያረፉ ሰዎች የጻፉትን ሲያነቡ አማካይ ነጥቡን ይተዉትና ያለፉትን ስድስት ወራት ብቻ ይምረጡ፤ ባለቤት ወይም እድሳት ሆቴልን በአንድ ዓመት ይቀይረዋል። መፈለጊያው ላይ "ደረጃ"፣ "አሳንሰር"፣ "ጫጫታ"፣ "ሻወር" የሚሉትን ቃላት በዚያ ቋንቋ ያስገቡ። ከምስጋናውም ከእርግማኑም ይልቅ መካከለኛ ነጥብ የሰጡት ሰዎች ዝርዝር ይጽፋሉ። "ብቻቸውን የተጓዙ" የሚለው ማጣሪያ ይጠቅማል፣ ግን የ25 ዓመቷ ብቸኛ ተጓዥ "ትንሽ ዳገት" ያለችው ለእርስዎ ትንሽ ላይሆን ይችላል።

ሲከፍሉ ትንሽ ጨምረው መሰረዝ የሚቻለውን ዋጋ ይያዙ፤ የመሰረዣው የመጨረሻ ሰዓት በሆቴሉ ከተማ ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ፣ 18:00 ተብሎ የተጻፈውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ብዙ ሆቴሎች ሲገቡ ካርድዎ ላይ መያዣ ገንዘብ ያግዳሉ። ዴቢት ካርድ ከሆነ የሚታገደው የራስዎ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ከወጡም በኋላ ለመለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ክሬዲት ካርድ ካለዎት ለዚህ ይጠቀሙበት። ክፍሉን ከያዙ በኋላ "ካርድዎ አልተረጋገጠም፣ በዚህ ሊንክ ካልከፈሉ ይሰረዛል" የሚል መልእክት ቢደርስዎት፣ ስምዎንና ቀኑን በትክክል ቢጠራም እንኳ አይንኩት፤ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ሆቴሉ ውስጥም ሌሊት በክፍሉ ስልክ "ከእንግዳ መቀበያ ነው፣ የካርድ ቁጥርዎን ይድገሙልን" የሚል ድምፅ ከመጣ፣ "ጠዋት ወርጄ አሳያለሁ" ብለው ይዝጉት።

መድረሻዎን ቀን ላይ ያድርጉት። ክፍል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ቀደም ብለው ከደረሱ ሻንጣ ያስቀምጡልዎታል። አውሮፕላኑ ዘግይቶ የሚያስመሽዎት ከሆነ ይደውሉላቸው፣ አለዚያ ቀርተዋል ብለው ክፍሉን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ። ለታክሲው ስሙን ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ያሳዩ፤ በአንድ ከተማ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቅርንጫፎች የተለመዱ ናቸው።

ሠራተኛው የክፍል ቁጥርዎን ሰው በሚሰማበት ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል ይጠይቁ፤ ደንበኛ ነዎት፣ ይሉኝታ አያስፈልግም። ሻንጣ የሚያደርስ ሰው አብሮዎት ይውጣና እሱ እያለ ክፍሉን ይፈትሹ፦ ሻወሩ የተባለው ነው? በሩ በራሱ ይዘጋል? መስኮቱ ይቆለፋል? ማያ ቀዳዳው የተበሳ ወይም የተነቀለ አይደለም? ከውስጥ የሚጠመደው የብረት መያዣ ይሠራል? የመጨረሻው ከኤሌክትሮኒክ መቀርቀሪያው ይበልጥ ያስፈልግዎታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ሳፍሎክ በሚባለው የካርድ ቁልፍ ላይ በሐሰተኛ ካርድ የሚከፈትበትን ክፍተት ይፋ አድርገዋል፤ ቁልፉ በ131 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በሚበልጡ በሮች ላይ የተገጠመ ነበር፣ ሐሰተኛው ካርድ የውስጡን መቀርቀሪያም ጭምር ይከፍት ነበር። በእጅ የሚጠመደውን ብረት ግን ካርድ አይከፍተውም። ወደ ውስጥ ለሚከፈት በር የጎማ ሽብልቅ ከሥሩ መጨመር ጥሩ ነው፤ ወደ ውጭ ለሚከፈት ግን ምንም አይሠራም። ከዚያ በላይ ወንበርና ገመድ አይደርድሩ፣ በጨለማና በጭስ ውስጥ በአንድ እጅ መክፈት የሚችሉት መሆን አለበት። ያልጠሩት ጠጋኝ ቢያንኳኳ በሩን ሳይከፍቱ እንግዳ መቀበያው ጋ ደውለው ይጠይቁ።

ክፍሉ በጽሑፍ ከተባለው የተለየ ከሆነ ሻንጣ ሳይፈቱ፣ አልጋው ላይ ሳይቀመጡ፣ መታጠቢያውን ሳይነኩ ተመልሰው ይውረዱ። ያልተነካ ክፍል ወዲያው ለሌላ እንግዳ ስለሚሰጥ መቀየር ለእነሱም ቀላል ነው፤ ከተጠቀሙበት ግን እንደገና መጽዳት አለበት። ኢሜይሉን ያሳዩ። "ዛሬ የለም፣ ነገ እንቀይርልዎታለን" ካሉ የነገውን የክፍል ቁጥርና ሰዓት ጽፈው ይስጡዎት። ጨርሶ የለንም ካሉ ደግሞ ያለ ቅጣት መሰረዙን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎት ይጠይቁና እዚያው ሎቢ ቁጭ ብለው ከሦስቱ በሁለተኛነት ለመረጡት ሆቴል ይደውሉ።